ኖራ የተቀባው ግንድ

ድርቄ የመጥረጊያዋን እጀታ ግንዱ ላይ አስደግፋ ሻሿን ልታጠብቅ ስትል እጀታው ተንሸራተተና ግንዱን መታው። ሌላ ሰው ቢሆን ልብ አይለውም። እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የግንበኛ ሚስት ሆና ኖራለች፤ ሙሉ ግድግዳና ባዶ ግድግዳ ሲመቱት ምን ምን እንደሚል ጆሮዋ ያውቃል። የዛፍ ግንድ ሲመታ "ጥፍ" ነው የሚለው። ይሄ ግን "ኳ" አለ፣ ልክ እንደ በር።

ደግማ መታችው። ኳ። ከኖራው ከፍ አድርጋ መታች፤ ጥፍ። ወደ ኖራው ዝቅ አድርጋ መታች፤ ኳ።

ጠዋት ነው። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች ነው፣ ወፎቹ እንደ ልማዳቸው ይንጫጫሉ። እሷን ግን ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የወረደ ያህል ቀፈፋት። ቀና ብላ አየች። ዛፉ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ነው፤ ድሮም እሷ ወደምትኖርበት ሰርቪስ ቤት ዘመም ያለ ነው። ከሁሉ የሚወፍረው ቅርንጫፍ ከቆርቆሮው ጣራ በላይ እንደ ክንድ ተዘርግቷል። ከቆርቆሮው ሥር መስኮት አለ። ከመስኮቱ ሥር አልጋ አለ። አልጋው ላይ እናቷ ተኝታለች።

ስለ ሠፈሩ ትንሽ ካልተነገረ የሷ ፍርሃት አይገባም።

ሠፈሩ አሮጌ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ከላይ ከውሃ ማጠራቀሚያው ይነሳና እየተጠማዘዘ ታች ድልድዩ ድረስ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ሃያ ስድስት ቤት ነው። ቤቶቹ ድንጋይ፣ በረንዳቸው እንጨት፣ የመስኮት መዝጊያቸው አረንጓዴ። መጀመሪያ የሠሩት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የመንግሥት ጸሐፊዎች ናቸው። ከተማው ያኔ ሩቅ ነበር፤ ከአቧራውና ከጫጫታው ሸሽተው ነው የመጡት። ሲመጡም ቃል ተገባብተዋል፤ አጥር ከሰው ደረት አይብለጥ፣ ቤት ከአንድ ፎቅ አይብለጥ፣ በየበሩ ግራና ቀኝ ዛፍ ይተከል፣ የተተከለ አይቆረጥ። ልጆቻቸው ቃሉን ጠበቁ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ጠበቁ። አሁን ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈው እኩለ ቀን ላይ እንኳ መሬቱ ጥላ ነው። ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ይመጣሉ። አላፊ አግዳሚው "እዚህ የሚኖር ሰው አያረጅም" እያለ ያልፋል።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የኖራ ቀን አለ። ሁሉም ቤት በርሜሉን አውጥቶ ኖራ ይበጠብጣል፣ ግንዱን እስከ ወገቡ ነጭ ይቀባል። ምናልባት በፊት በፊት ለምስጥ ይሆናል። ዛሬ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ አለቀ። በስምንት ግቢ የምትቀባው ድርቄ ናት። በስምንት ግቢ የምትጠርገውም እሷው ናት። ይሄን ግንድ ለአስራ አራት ዓመት በገዛ እጇ ቀብታዋለች።

የሰዉ ጸባይም እንደ ዛፉ ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ የተሰነጠቀ ነገር ማየት አይወድም። ግድግዳ ሲሰነጠቅ በሳምንቱ ይመረጋል፣ ትዳር ሲሰነጠቅም ይመረጋል። የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት ባሏ ጥሏት ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ "ለሥራ ወጣ ብሎ ነው" ትላለች፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ "በሰላም ይመልሰው" ይላታል። አንድ ነገር ሲከብዳቸው የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ "ይታሰብበታል።"

ድርቄ እንደነሱ አይደለችም። ድርቄ የተባለችውም በከንቱ አይደለም። አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ከባሏ ጋር በአንድ ግድግዳ አስራ አንድ ዓመት ተከራክራለች፤ እሱ ቀጥ ያለ ነው ይላል፣ እሷ ጠማማ ነው ትላለች። በመጨረሻው ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ "አሁንስ ቀጥ ብሎልሻል?" ሲላት፣ እያለቀሰች "ጠማማ ነው" ብላ ነው የሸኘችው። በሕይወቷ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም።

በዛ ጠዋት በጥፍሯ ኖራውን ፋቅ ፋቅ አደረገች። በትልቁ ቤት በኩል፣ በረንዳው በሚያየው ጎን፣ ነጩ ላይ አንድ መስመር አገኘች። ፀጉር የሚያህል። ከላይ ወደ ታች የወረደ።

በማግስቱ ጥፍሯ ገባበት። በሦስተኛው ቀን የክብሪት እንጨት ገባ።

ባሏ የተወላት ሣጥን አልጋዋ ሥር ነው። መዶሻው፣ መሮው፣ ቱምቢው ሁሉም አሉ። ቱምቢ ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ ሹል ብረት የታሰረበት ገመድ ነው። መሰላል አቁማ ግንዱ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ባዘነበለበት በኩል ከፍ ብላ ሚስማር መታች፣ ቱምቢውን አንጠለጠለች፣ ከብረቱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጣ የሹሉ ቦታ ላይ በከሰል ነጥብ አደረገች። በአራተኛው ቀን ብረቱ ከነጥቡ አንድ ጣት ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሄዷል። ዛፍ ሲሄድ አይታ አታውቅም። ብረቱ የደረሰበት ላይ ሁለተኛ ነጥብ አደረገች።

ግቢው የዳኛው ነው። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሠፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። የድርቄ እናት የሳቸው ሞግዚት ነበረች፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ አዝላ ያሳደገቻቸው። ስትደክም ሰርቪስ ቤቱን "እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ ያንቺ ነው" ብለው ሰጧት። ግማሽ ጎኗ ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ድርቄ ናት የምታጥባት፣ የምታጎርሳት፣ የምታገላብጣት።

ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ጋዜጣ ያነባሉ።

"ጋሼ፣ ዛፉ ባዶ ነው።"

"የቱ ዛፍ?"

"ይሄ ነዋ፣ ከእማዬ ራስ በላይ ያለው። ሲመቱት ኳ ይላል።"

"ታዲያ ምን እንዲል ፈለግሽ፣ ድርቄ? እንዴት አደርሽ እንዲልሽ?"

"ተሰንጥቋል። እየሄደም ነው። ለክቼዋለሁ።"

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፉ። ሳቅ ብለዋል፣ ሲኒውን ሲያስቀምጡ ግን ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። እሷ ይሄን አየች። እሳቸውም ማየቷን አዩ።

"ይሄ ዛፍ የሠፈሩ ታላቅ ነው። አባቴ ቤቱን ሲሠራ እንኳ እዚሁ ነበር" አሉ። "ይታሰብበታል።"

"ዝናቡ እስኪታሰብበት ይጠብቀናል?"

"ድርቄ።"

"አቤት።"

"ይታሰብበታል አልኩሽ።"

ኮሚቴው በሳምንቱ እዛው በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። አምስት ሰው ነው፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ድርቄን አቁመው ሰሟት። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት መነጽሯን ከፍ አድርጋ "አንቺ ልጅ፣ ምናልባት ደም ግፊትሽን ብትለኪ?" አለቻት።

"የኔን ደም ግፊት ከዛፉ ጋር ምን አገናኘው?"

"ድምፅ መስማት ስትጀምሪ ብዬ ነው።"

በረንዳው በልኩ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ የወንበሩን እጀታ እያዩ ነበር። በመጨረሻ ዛፉ እንዲጠና፣ እስከዛው ስንጥቁ እንዳይታይ ኖራ እንዲደገም ተወሰነ። እንዲደግም የታዘዘው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አልደገመችም።

ማታ ማታ እንቅልፍ አጣች። ቀን ቀን ደግሞ በየግቢው እየጠረገች ጆሮዋ ወደ ላይ ነው። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር መጥረጊያዋን ጥላ ትሮጣለች። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሮጣ መጣችና የእናቷን ትራስ መነካካት ጀመረች።

"ምን ሆነሽ ነው እንደ ዶሮ የምትርበተበቺው?" አለቻት እናቷ። ግማሽ ከንፈሯ አይታዘዝላትም፤ ቃሏ ወፍራም ነው፣ ግን ይሰማል።

"እማዬ፣ አልጋሽን ወደ ጓዳ ላዙረው።"

"እኔ ከዚህ መስኮት ንቅንቅ አልልም። ጓዳ ምን ላይ? ድስት ላይ?"

"ዛፉ ሊወድቅ ነው።"

"እስከ ዛሬ ቆሟል።"

"ባዶ ነው እኮ! ውስጡ ባዶ ነው! ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም እንጂ..."

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሲደክማት የምትጨፍነው ዓይነት አልነበረም። ድርቄ እናቷን ታውቃታለች፤ ይሄ የመሸሸግ አጨፋፈን ነው።

"እማዬ?"

"ተይኝ ልተኛ።"

ያኔ ድርቄን ከዛፉ ይበልጥ ሌላ ነገር አስፈራት። ይሄን ነገር ሁሉም ያውቃል ማለት ነው? ዳኛውም፣ እናቷም፣ አምስቱም? እሷ ብቻ ናት አስራ አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደምትቀባ ሳታውቅ የኖረችው? በመስኮቱ አሻግራ ግንዱን አየችው። ነጭ ነው። ያምራል። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሙሽራ ቆማ ለፎቶ እየሳቀች ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ሳለ፣ መሮውንና መዶሻውን ይዛ ወጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ስንጥቁ ላይ መሮውን አስገብታ አንድ ጊዜ መታችው።

ድምፁ መንገዱን ሙሉ ተሰማ። እዛ ሠፈር መዶሻ እሑድ አይሰማም።

"ድርቄ!" ዳኛው በነጠላ ጫማ ከበረንዳው ወረዱ። "ምን እያደረግሽ ነው? አቁሚ!"

"እያየሁ ነው ጋሼ።"

"አቁሚ አልኩሽ እኮ!"

በሦስተኛው ምት ኖራው ከነሥሩ ተገነጠለ። ሥሩ ቅርፊት አልነበረም። ሲሚንቶ ነው። የቅርፊት መስመር እንዲመስል በማንኪያ ጫፍ የተጫረ፣ በጥንቃቄ የተለሰነ ሲሚንቶ። ከጀርባው የተሰበረ ጡብ ወጣ፣ አንድ ጠርሙስ ወጣ፣ የተጠቀጠቀ ጆንያ ወጣ። ከዛ የሚወጣው ጠፋ። ቡናማ ብናኝ ብቻ እንደ ዱቄት ፈሰሰ፤ እየፈሰሰ እየፈሰሰ እግሯን ሸፈነው። ሰዉ አጥሩ ላይ ተሰበሰበ። ድርቄ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አስገባች። እስከ ክርኗ ገባ። እስከ ትከሻዋ ገባ። ጣቶቿ ምንም አላገኙም፤ ከውስጥ የእርጥብ መሬት ትንፋሽ ብቻ መጣባት።

"ጋሼ፣ ይምጡ፣ እጅዎን ያስገቡ" አለች።

ዳኛው አልመጡም። ፊታቸው አመድ መስሏል። "አባቴ ናቸው" አሉ ቀስ ብለው። "አስር ዓመቴ ነበር። በመስኮት አይቻለሁ። ዛፉ መበስበሱን ሠፈሩ ከሰማ ይቆረጣል ብለው፣ ግንበኛ ከሩቅ አስመጥተው አስሞሉት። የኖራ ቀንም ከዛ ወዲህ ነው የመጣው። የኛ ብቻ ነጭ ሆኖ እንዳያስታውቅ፣ ሁሉም እንዲቀባ አባበሉ።"

አጥሩ ላይ የተሰበሰቡት ተያዩ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖራ የተቀባው ለምን እንደሆነ ያን ጠዋት ነው የሰሙት።

"እማዬስ?"

"ውሃ ያቀበለች እሷ ናት። እንዳትናገሪ ተብላለች።"

ድርቄ ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። "ዛፍ ቆራጭ ይምጣ፣ ዛሬውኑ" አለች። ኮሚቴውም ለመጀመሪያ ጊዜ ይታሰብበታል ሳይል "እሺ" አለ።

ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ እሷ እንዳዘዘችው ነው የሆነው። ክፋቱም እሱ ነው።

እናቷን አራት ሰው ከነፍራሹ ተሸክሞ ትልቁ ቤት በረንዳ ላይ አስተኛት። ድንጋይ ነው፣ ከዛፉ በዚህ በኩል ነው፣ ዛፉ የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው፤ ከዛ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ድርቄ ራሷ ናት የመረጠችው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የራሷን ትራስ አምጥታ አስገባችላት። "ይቅር በይኝ" አለቻት ድርቄን። "የደም ግፊቱን ነገር።"

"እንኳንም የዛፉ ተለካ" አለች ድርቄ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ዛፍ ቆራጩ ከሰዓት መጣ፤ ገመድ ትከሻው ላይ ያዞረ፣ መጋዝ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ባዶውን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

"ከጫፍ ነው የምጀምረው። ከሁሉም በኩል ትንሽ ትንሽ እያቀለልኩ እወርዳለሁ።"

"ቆይ" አለች ድርቄ። "ያን ወፍራሙን አስቀድም። ከሰርቪስ ቤቱ በላይ ያለውን።"

"እሱ ይቆያል፣ እናት። እሱ ሚዛን ነው።"

"የምን ሚዛን? ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴ ራስ ላይ የተሰቀለ እሱ ነው! ቤቴ ያለው ከሱ ሥር ነው! እሱ ካልወረደ እኔ እንቅልፍ የለኝም።"

"እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ..."

"እኔም ለክቼዋለሁ! ወደዛ ነው የሚሄደው። ቱምቢው ያውልህ!"

ቆራጩ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ደግሞ ያን ቀን ድርቄን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። "እሷ ያለችውን አድርግ" አሉ። "እስከ ዛሬ ልክ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።"

ቆራጩ ትከሻውን ሰበቀና ወጣ። ቅርንጫፉ በገመድ ተይዞ ቁራጭ በቁራጭ ወረደ። የመጨረሻው ሲወርድ ቆርቆሮው ላይ ሃምሳ ዓመት አርፎ የማያውቅ ፀሐይ አረፈበት። ድርቄ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ለአስራ ምናምን ቀን ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ነበር።

ወዲያው ነፋስ ተነሳ። ደመናው ከድልድዩ በኩል ጠቁሮ መጣ። ቆራጩ "በነፋስ ላይ አልወጣም፣ የቀረውን ነገ ጠዋት" ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። የተሰበሰበው ሰው ዝናቡን ለመጠለል እየሳቀ ወደ በረንዳው ወጣ። ዘጠኝ አስር ሰው ይሆናል። ለድርቄ የዳኛው ወንበር ተለቀቀላት። ሻይ ቀረበላት። አስራ አራት ዓመት በጠረገችው በረንዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እናቷ አጠገቧ እያንኮራፋች። እውነት ለመናገር ደስ ብሏት ነበር።

መሮዋን ትዝ ያላት ያኔ ነው። ባዶው ውስጥ፣ በከንፈሩና በተረፈው ሲሚንቶ መሃል ሰክታው ነው የመጣችው። የባሏ ነው፣ ዝናብ ያዝገዋል። ሲኒውን አስቀምጣ ወረደች።

መሮውን ይዛ ሳብ አደረገች። እምቢ አላት። ወዘወዘችው። አልተነቃነቀም። ጠዋት ልል ነበር፤ በሁለት ጣት ገብቶ በሁለት ጣት የሚወጣ። አሁን ግንዱ በጥርሱ የያዘው ያህል ጥብቅ ብሏል። ክንዷን ያስገባችበትን አፍ አየችው። ክንዷን ልታስገባ ሞከረች። ክርኗ ላይ ቆመ።

አፉ ጠቧል።

ክው አለች። ዞራ ወደ ቱምቢው ሄደች። ነፋሱ ያወዛውዘዋል፤ በመዳፏ ያዘችው፣ አረጋችው፣ ለቀቀችው። ብረቱ ከሁለተኛው ነጥብ ተመልሷል። ከመጀመሪያው ነጥብም አልፎ ወደ ግንዱ መጥቷል፣ ሁለት ጣት። ዛፉ ከሰርቪስ ቤቱ ዞሯል። የቀረው ክብደቱ ሁሉ በዚህ በኩል ነው፤ ባዶው ባለበት፣ እሷ በመዶሻ በከፈተችው በኩል። ወደ በረንዳው።

ሚዛን ነው ብሏት ነበር። ነግሯት ነበር።

መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው ነገር ያሳፍራል። "ነፋስ ነው፣ ቱምቢውን ያሳሳተው ነፋስ ነው" ነበር ያለችው ለራሷ። አንድ ትንፋሽ ያህል እዛው ቆማ ልክ ለመሆን ሞከረች። ከዛ ከግንዱ ውስጥ፣ ከእግሯ ሥር፣ አንድ ነገር እንደ ጉልበት መገጣጠሚያ ቀጭ አለ።

"ውጡ!" ብላ ሮጠች። "ከበረንዳው ውረዱ! ውጡ!"

ሰዉ ሲኒውን እንደያዘ አያት። "ምን ሆንሽ ደግሞ?"

"ዛፉ! ወደዚህ ነው! ወደዚህ ሊወድቅ ነው!"

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ሳቅ አለች። "ድርቄዬ፣ ተረጋጊ። ወደዛ ነው ያልሽን። ለክተሽ አሳይተሽናል እኮ።"

"ለክተሽ አሳይተሽናል" አለ ሌላው። "አንቺ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ነይ ተቀመጪ፣ ትበሰብሻለሽ።"

አስራ ምናምን ቀን እመኑኝ ብላ ለምናለች። አሁን አምነዋታል፣ እምነታቸው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ዓይኖቻቸውን አየች፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ ባዶ፣ ስለ ሚዛን ብትነግራቸው ሲከራከሩ ጊዜው ያልቃል። አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት። ለባሏ በሞት አልጋው ላይ የነፈገችው ቃል ነው።

"ተሳስቻለሁ!" ብላ ጮኸች። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ቅርንጫፉን ማስቆረጤ ስህተት ነው! ቆራጩ ነግሮኛል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ! በእናቴ ይሁንባችሁ፣ ተነሱ!"

ሰዉ ሲኒውን አስቀመጠ። ድርቄ ተሳስቻለሁ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ ከዛፉ ይልቅ ያስደነገጣቸው እሱ ነው። ዳኛው መጀመሪያ ተነሱ፣ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙ። "ያዙ!" አሉ፣ በሕይወታቸው ጮኸው የማያውቁት ሰውዬ። "በዚያ በኩል ያዙ!" አራቱ ጫፍ ተያዘ። ወንበር ተገለበጠ፣ ሲኒ ተሰበረ። እናቷ ነቅታ "ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትወስዱኝ?" ትላለች። በደረጃው፣ በጠጠሩ፣ በበሩ ወጡ። ድርቄ የእናቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ስለነበር ብቻዋን ያየችው እሷ ናት።

ዛፉ አልተጣደፈም። መጀመሪያ ቀና አለ፣ በሕይወቱ ቀጥ ብሎ የማያውቀው ዛፍ ቀጥ አለ። ቱምቢው ግንዱ ላይ ተለጠፈ። ከዛ ነጩ ወገቡ እንደ ወረቀት ተጨማደደና ወደ በረንዳው ተኛ። መሬቱ እግራቸውን መታቸው። ከዛ ለረጅም ጊዜ ቅጠል ብቻ ነው የዘነበው።

በረንዳው አልነበረም። የዳኛው ወንበር የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ነበር።

እናቷን መንገዱ መሃል፣ አስፋልቱ ላይ አሳርፈዋታል። ዝናቡ ጀምሯል። ድርቄ ሻሿን ፈትታ ፊቷን ከዝናቡ ጋረደችላት።

"ውሃ አቀብያለሁ" አለች እናቷ፣ በዛ ወፍራም ቃሏ። "ለሲሚንቶው። በባልዲ።"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ከሱ ሥር የተኛሁት... ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብዬ ነው።"

ድርቄ ግንባሯን እናቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ዳኛው አጠገባቸው ዝናቡ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸው ባዶ፣ የእናቷን የማይሰማውን እጅ ይዘው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ድርቄ መጥረጊያዋን አላነሳችም፤ የትኛው ቅጠል ተጠርጎ ያልቃል? በዛ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እንደ ልቧ ገብታ፣ የድንጋዩን ስንጥቅ፣ የቀለሙን መላጥ፣ ሁሉን ነገር አሳይታ ነበር። መንገዱ ላይ ወጣ ብላ ቆመች። በየበሩ ግራና ቀኝ ነጫጭ ግንዶች እንደ ዘበኛ ተሰልፈዋል። ሃምሳ ሁለት ናቸው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ተቀብተዋል። ከኖራው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም።

መጀመሪያ የሰማችው ከላይ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው በኩል ነው። አንድ ሰው ግንዱን በዱላ መታ። ጥፍ።

ቀጥሎ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በለሊት ልብሷ ወጥታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ በጃንጥላዋ እጀታ የበሯን ዛፍ መታች። ጆሮዋን ግንዱ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዛ ቀና ብላ ድርቄን አየቻት። እጇ ጃንጥላውን አጥብቆ እንደ ጨበጠ ነው።

ቀስ በቀስ ድምፁ ከየግቢው መጣ። በዱላ፣ በመጥረጊያ እጀታ፣ በጫማ ተረከዝ። ጥፍ። ጥፍ። ሲመታ፣ ሲሰማ፣ ደግሞ ሲመታ። ሙሽሮች የሚቆሙበት ጥግ ላይ ደርሶ፣ ድልድዩ ድረስ ወርዶ፣ ከወዲያኛው ወገን እየተመለሰ ይመጣል። ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ከራሱ ጣራ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ያያል።

ድርቄ ዓይኗን ጨፍና ትቆጥር ነበር። ጥፍ። ጥፍ። ጥፍ።

ኳ።